ፊውዙ አልቆረጠም፤ ሰውዬው ግን ሞተ



በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት 20 ቀን፣ በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ግዛት በዌኮ ከተማ፣ አንድ መጋቢ በማጥመቂያው ውሃ ውስጥ ቆሞ ሳለ ማይክሮፎን ሊያስተካክል እጁን ሲዘረጋ ኤሌክትሪክ ያዘውና ሞተ። ዕድሜው 33 ዓመት ነበር።

ይህን የምናነሣው ለማስፈራራት አይደለም። በየአጥቢያው ስንዞር፣ «ፊውዝ ስላለን አያሰጋንም» የሚል አሳብ ብዙ ጊዜ ስለምንሰማ ነው። እስቲ በቁጥር እንመልከተው።

ቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የደረቀ ቆዳ ኤሌክትሪክን በብርቱ ይከለክላል። ሲረጥብ ግን መከላከያው ወደ 1,000 ኦም ገደማ ሊወርድ ይችላል። 220 ለ1,000 ሲካፈል 0.22 አምፔር ይሆናል። የልብን ምት አዛብቶ ለመግደል 0.1 አምፔር ይበቃል። 16 አምፔር የተጻፈበት ፊውዝ ግን ይህን ያህል ትንሽ ነገር አይቆጥረውም። ፊውዝ የተሠራው ሽቦ ግሎ እሳት እንዳያስነሣ ነው እንጂ በውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ለማዳን አይደለም።

ሰውን የሚጠብቁት ሌሎች ናቸው። አንደኛው፣ ከዕቃው ብረት ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ የኧርዝ ሽቦ ነው። ሁለተኛው፣ 0.03 አምፔር ብቻ ሲያመልጥ ወዲያው የሚያቋርጥ ልዩ ብሬከር ነው። ሁለቱም መኖራቸውን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስመርምሩ።

እስከዚያውም ድረስ እነዚህን እንጠብቅ፦

1. ምጣዱን ከመወልወላችን በፊት ሶኬቱን እንንቀል። በረጠበ እጅ ሶኬት አንንካ።

2. በባልዲ ውስጥ የሚገባውን የውሃ ማሞቂያ ሳንነቅል ውሃው ሞቀ አልሞቀ ብለን እጃችንን አንክተት።

3. ወለል ሲታጠብ ኤክስቴንሽን መሬት ላይ አይተው።

4. በጥምቀት ቀን ማሞቂያው ሰው ከመግባቱ በፊት ይነቀል። ባለ ሽቦ ማይክሮፎን የሚይዘው ከውሃው ርቆ በደረቅ ቦታ የቆመ ሰው ይሁን። በወንዝ ዳር ጄኔሬተር ስንጠቀምም እንዲሁ ነው፤ ጄኔሬተርም ይገድላል።

ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ብታዩ በእጃችሁ አትንኩት፤ እናንተንም ይይዛችኋልና። አስቀድማችሁ ከቆጣሪው አጥፉ። ይህ ካልተቻለ በደረቅ ቦታ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት አላቅቁት።

የአጥቢያ ሽማግሌዎች ሆይ፣ ከሚቀጥለው የጥምቀት አገልግሎት በፊት አንድ ነገር እንለምናችኋለን፤ ማሞቂያውንና ማይክሮፎኑን የሚነቅለው ማን እንደሆነ በስም ወስኑ። የሁሉም ሥራ ከሆነ ማንም አይሠራውምና።