ጥፋቱ የቱርቦው አይደለም

በሞተር ላይ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ እንደ መተንፈሻው የተናቀ የለም። ከቴስታታው ክዳን ተነስቶ በአየር ማጣሪያውና በቱርቦው መካከል ወዳለው መስመር የሚገባ፣ አውራ ጣት የሚያክል ጎማ ነው። ሲሰነጠቅ በፕላስተር ይጠቀለላል፤ ሲደፈን የሚያየው የለም። እኔ ግን የማላውቀውን ባለ ቱርቦ መኪና ኮፈን ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው፤ የሞተሩን ታሪክ ከባለቤቱ በተሻለ ይነግረኛል።

ሥራው ቀላል ነው። የፒስተን ፋሻ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን የሲሊንደሩን ግፊት ሙሉ በሙሉ አይገታም። ጥቂቱ ጋዝ በጎኑ ሾልኮ ክራንኩ ወደሚሽከረከርበት ክፍል ይወርዳል። ይህ ጋዝ ያልተቃጠለ ነዳጅ፣ የውሃ እንፋሎትና ጥላሸት የያዘ ነው፤ እዚያም የዘይት ጉም ይቀላቀልበታል። መውጫ ይፈልጋል፤ መውጫው መተንፈሻው ነው።

ድሮ ከሞተሩ ጎን አንድ ቧንቧ ወደ አስፋልቱ ይወርድና ጢሱ እዚያው ይለቀቅ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወንዝ የሚሻገሩ የጦር ተሽከርካሪዎች በዚያ ቧንቧ ውሃ እንዳይገባባቸው ሲባል፣ ጢሱን መልሶ ለሞተሩ የሚመግብ ዝግ አሠራር ተበጀላቸው። በኋላ የሎስ አንጀለስ ጭጋግ ሲከፋ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1961 ይኸው አሠራር በአዳዲስ መኪናዎች ላይ እንዲገጠም አዘዘች። በአሜሪካ የመኪናን ብክለት ለመከላከል በሕግ የታዘዘው የመጀመሪያው ዕቃ ይህ ነው። ሁሉ የሚያወራለት ካታሊቲክ ኮንቨርተር የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው።

ቱርቦ ሲመጣ ግን ነገሩ ተወሳሰበ። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር አየር ወደ ሲሊንደር በሚያስገባው ማኒፎልድ ውስጥ የመሳብ ኃይል ስላለው ጢሱን በትንሽ ባልቦላ በኩል ራሱ ይስበዋል። ቱርቦው መግፋት ሲጀምር ማኒፎልዱ ከመሳብ ወደ መንፋት ይዞራል፤ ባልቦላው ካልተዘጋ የቱርቦው ግፊት ወደ ክራንኩ ክፍል ይገባል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ጢሱ በሌላኛው መንገድ፣ ከቱርቦው ፊት ባለው ቱቦ መሄድ አለበት። የናፍጣ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ያንን የማኒፎልድ መሳብ ስለሌለው መንገዱ ሁልጊዜ ወደ ቱርቦው ነው። ውጤቱ ያው ነው፦ የዘይት ጉም በቱርቦው አልፎ፣ የተገፋውን አየር በሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ዞሮ ሲሊንደር ይገባል።

የእኛ አገር ባለመኪና የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቱርቦውን ጎማ ሲነቅሉ ውስጡ በቀጭኑ ዘይት ተለብሶ ያገኙታል። ወዲያው «ቱርቦው ዘይት ተፋ» ይባላል፤ ለአዲስ ቱርቦ ገንዘብ ፍለጋ ይጀመራል። ቀጭን ልባስ ያለው ቱቦ ግን ጤነኛ ነው፤ ፋብሪካው ራሱ ያንን ጉም በዚያ በኩል ሰዶታል። የሚያሳስበው ዘይቱ ተጠራቅሞ ሲንጠባጠብና ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጢስ ሲወጣ ነው። ያኔም ቢሆን ጥፋተኛው ቱርቦው ላይሆን ይችላል።

ምክንያቱን ለመረዳት የቱርቦውን ዘይት መንገድ ማየት ይበቃል። ከመቶ ሺህ ዙር በላይ በደቂቃ የሚሽከረከረው ዘንግ በግፊት ዘይት ይቀርብለታል፤ ሲወጣ ግን የሚገፋው ነገር የለም፤ በስበት ብቻ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ፣ ወደ ኮፓ ይወርዳል። ዘንጉ ላይ ያለው ማገጃም እንደ ክራንኩ ፓራሊዮ ጎማ አይደለም፤ ከፒስተን ፋሻ ጋር የሚቀራረብ ቀጭን የብረት ቀለበት ነው። ዘይቱ ወደ ታች በነፃነት እስከወረደ ድረስ ይበቃዋል። መተንፈሻው ሲደፈን ግን ከታች ያለው ክፍል ይነፋል። መተንፈሻ ቀዳዳ የሌለው ጀሪካን ሲገለበጥ እየተንተከተከ እንደሚታፈነው ሁሉ፣ ከቱርቦው የሚወርደው ዘይትም መንገዱ ላይ ይገታል። መሄጃ ሲያጣ በቀለበቱ በኩል ወደ አየሩ ወይም ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣል። አዲስ ቱርቦ ቢገጠምም ያንኑ ያደርጋል።

አንድ የሂሉክስ ሾፌር ይህ ደርሶበት አይቻለሁ። ጋራዥ ውስጥ ቱርቦውን አስለውጦ ሳምንት ሳይቆይ ተመልሷል። «ጋሼ፣ አዲሱም ይተፋል እኮ! ዕቃው ፎርጅድ ነው መሰለኝ» አለኝ። የመተንፈሻው ጎማ ከውጭ ሲያዩት አዲስና ያማረ ነበር። መካኒኩ ከወር በፊት የለወጠው ነው፤ የለወጠው ግን በራዲያተር ጎማ ነበር። ለውሃ የተሠራ ጎማ ዘይት ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ያብጣል። በምላጭ ስንሰነጥቀው የውስጠኛው ግድግዳ ተላጦ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ እርሳስ አያሳልፍም። ዘይት የሚችል ጎማ ገጠምንለት፤ ኢንተርኩለሩ ውስጥ የቀረው ዘይት እስኪያልቅ ጥቂት ጢሶ ተወው። አሮጌው ቱርቦ ግን በዚያን ጊዜ ተሸጦ ነበር።

ምርመራው መሣሪያ አይፈልግም። ሞተሩ ሞቆ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ እየዞረ፣ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቶ አፉ ላይ ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ምንም አይደለም፤ የናፍጣ ሞተር ሁሌም ጥቂት ይተነፍሳል። ተወርውሮ ከወደቀ ግን ከታች ግፊት አለ። ቀጥሎ መተንፈሻውን ከቱርቦው በኩል ነቅሎ ጫፉ ላይ እጅን መያዝ ነው። ጋዙ በጫፉ በኃይል ከወጣ መንገዱ ክፍት ነው፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ፋሻው ላይ ነው፤ ያኔ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። በዘይት መሙያው እየነፋ በጫፉ ምንም ካልወጣ ጎማው ወይም በቴስታታው ክዳን ውስጥ ያለው ማጣሪያ ተደፍኗል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር የሚለየው በዚህች ቅጽበት ነው።

አሁን ሰዎች በመተንፈሻው ላይ ወደሚያደርጉት ማሻሻያ። ጎማውን ከቱርቦው ነቅሎ ወደ መሬት መልቀቅ የሚወዱ አሉ፤ «ሞተሩ ንጹሕ አየር ይብላ» ይላሉ። እንዲህ ሲደረግ የክራንኩ ክፍል ያገኝ የነበረው መጠነኛ መሳብ ይቀራል፣ ሽታው በአየር ማስገቢያው ወደ መቀመጫ ይመጣል፤ የተነቀለበት ቀዳዳ ሳይደፈን ከቀረም ያልተጣራ አቧራ በቀጥታ ቱርቦ ውስጥ ይገባል። ይህን አይቼ ዝም ማለት አልችልም።

የሚሻለው በመካከል ዘይት ለቃሚ ማግባት ነው፤ ልጆቹ ካች ካን ይሉታል። ጉሙ ገብቶ ሲቀዘቅዝና ከማጣሪያ ጋር ሲጋጭ ዘይቱ ይወርዳል፤ ጋዙ ወደ ቱርቦው ይቀጥላል። የጀርመኑ ማን ኡንድ ሁመል የሚሠራው ፕሮቬንት 200 ለዚህ ታዋቂ ነው፤ ማጣሪያው ቢደፈን ግፊቱን የሚያስተነፍስ ባልቦላ አለው። በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ ግን ባዶ ቆርቆሮ ናቸው፤ ጉሙ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። አፋቸውም ከዋናው ጎማ የጠበበ ከሆነ ገንዘብ ከፍለው መተንፈሻዎን አነቁ ማለት ነው። ቦታው ከቱርቦውና ከጭስ ማውጫው የራቀ ይሁን፤ በጋለ ቆርቆሮ ውስጥ ጉም ወደ ዘይት አይለወጥም። ጉልበት ይጨምራል የሚልዎትን ሻጭ ግን አይስሙ።

ከለቃሚው በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ነጭ፣ ወተት የመሰለ ዝቃጭ ቢወጣ አይደንግጡ። ብርድ ላይ አጭር መንገድ የምትሄድ መኪና እንፋሎቷን ሳታደርቅ ትቆማለች። የራዲያተሩ ውሃ ካልጎደለ ወይም ሞተሩ ከልክ በላይ ካልሞቀ በቀር የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበላ ብሎ ቴስታታ ማስፈታት አያስፈልግም።

አንድ ልማድ ግን መተው አለበት፤ ዘይት ከልክ በላይ መሙላት። «ትንሽ ብጨምር ምን ይጎዳል?» ይባላል። ዘይቱ ክራንኩን ሲነካ ይመታል፣ አረፋ ይሆናል፣ በመተንፈሻው ተስቦ ሲሊንደር ይገባል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ዘይትን እንደ ናፍጣ ያቃጥላል፤ ቁልፉ ቢዘጋም ዙሩ እየጨመረ ይጮኻል። ማርሹ የእጅ ከሆነ ፍሬን ረግጦ፣ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን መልቀቅ ነው፤ ሌላ መዳኛው አየሩን ማፈን ነው። የአየር ማጣሪያውን በአቧራ ተሸፍኖ እስኪጠቁር መተውም የዚህ ልማድ ወንድም ነው። ማጣሪያው ሲታፈን ቱርቦው የጎደለውን ከመተንፈሻው ይስባል፤ ዘይቱንም አብሮ። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ቱርቦው አስቀድሞም በርትቶ እየሠራ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከሉ ወዲህ፣ በእጃችን ላሉት ሞተሮች በቀላሉ ምትክ አይገኝም። ስለዚህ «ቱርቦ ይለወጥ» ሲባሉ፣ ገንዘቡን ከመቁጠርዎ በፊት መካኒኩ ያንን ጎማ ነቅሎ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ካላሳየዎት ሌላ መካኒክ ይፈልጉ።