የእግር እብጠት ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም፦ ላቦራቶሪ የማይለየው የደጋው ዝሆኔ

በጌዴኦ ዞን ከይርጋጨፌና ከኮቸሬ አልፎ የሚገኘው የገደብ ወረዳ ቀይ አፈር ያለው፣ ዝናብ የማይለየው ደጋና ወይና ደጋ ነው። ቡናውና እንሰቱ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በአንድ ማሳ ተቀላቅለው ይበቅላሉ። እ.ኤ.አ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መሠረቱ ይኸው የጥምር እርሻ ዘዴ ነው። በእንዲህ ያለ ማሳ ቡና ሲኮተኩትና እንሰት ሲተክል የሚውል አርሶ አደር እግሩ ከአፈር አይለይም። በክረምት ጭቃው ጫማ ስለሚነጥቅ ባዶ እግር መሥራት እንደሚቀል ገጠሩን የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል።

ከእንዲህ ያለ አካባቢ የመጣ ሰው እግሩ አብጦ ጤና ጣቢያ ቢደርስ የጤና ባለሙያው መመለስ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ በሽታው ምንድን ነው? ይሁንና ይህ ጥያቄ በሕክምናው ዓለም ለረጅም ጊዜ መልስ ሳያገኝ የቆየ፣ ዛሬም ቢሆን በደም፣ በሽንትም ሆነ በሌላ የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ የማይፈታ ነው።

ችግሩን የሚያከብደው አንዱ ነገር ስያሜው ነው። በአማርኛ እግርን አሳብጦ ቆዳን የሚያሻክረው ሕመም ሁሉ "ዝሆኔ" ይባላል። በዚህ ስም ሥር ግን ቢያንስ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ተጠቃለዋል። አንደኛው ትንኝ በምታስተላልፈው ክር መሰል ጥገኛ ትል የሚመጣው የሊምፍ ፊላሪያሲስ ሲሆን በአገራችን በይበልጥ የሚታየው እንደ ጋምቤላ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች ነው። ሁለተኛው ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው ነው። ይኸኛው ትልም ሆነ ጀርም የለውም፤ ትንኝም አያስተላልፈውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። መነሻው አፈር ነው።

አፈር በሽታ ያመጣል የሚለውን ሐሳብ በጥናት ለመደገፍ ዓመታት ፈጅቷል። እ.ኤ.አ በ1969 ዓ.ም ኡመን የተባሉ ሐኪም ያወጡት ጥናት በ56 ገበያዎች የተሰበሰበውን ሕዝብ በመቁጠር በአማካይ 2.7 በመቶ የሚሆነው እግሩ ያበጠ መሆኑን አመለከተ። ገበያን የምርመራ ቦታ ማድረጋቸው ብልህነት ነበር፤ ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል ባይሄድም ወደ ገበያ መውጣቱ አይቀርምና። ከቆጠራው እንደታየውም በሽታው የፊላሪያ ትንኝ በማይራባባቸው ቀዝቃዛ ደጋማ ቦታዎች በርክቶ ተገኘ። ይህ ደግሞ ትሉን መንስኤ አድርጎ ለሚያስብ ሐኪም እንቆቅልሽ ነበር።

በዚሁ ዘመን በኢትዮጵያ በሥጋ ደዌ ሕክምና ላይ ተሰማርተው የነበሩት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ኧርነስት ፕራይስ የበሽታውን ስርጭት ከአፈሩ ዓይነት ጋር አነጻጸሩ። ሕመሙ የሚገኘው ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ፣ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነና ዓመታዊ ዝናቡ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በሚበልጥ ሥፍራ መሆኑን ለዩ። ከሕመምተኞች ንፍፊት በተወሰደ ናሙናም የሲሊካና የአሉሚኒየም ውሁዶችን የያዙ እጅግ ደቃቅ ብናኞች አገኙ። ስያሜውንም እግርና አቧራ ከሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት አዋቀሩት። ብናኙ በእግር ቆዳ በኩል ገብቶ የሊምፍ መተላለፊያዎችን እንደሚያስቆጣ፣ መተላለፊያዎቹም ቀስ በቀስ ጠባሳ ይዘው እንደሚዘጉና ፈሳሹ በእግር ውስጥ እንደሚጠራቀም ይታመናል።

ሆኖም በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው ከሚሠሩ ሰዎች የሚታመሙት ጥቂቶቹ መሆናቸው ሌላ ጥያቄ አስነሳ። የዚህ መልስ ከፊሉ የተገኘው በወላይታ ነው። ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው 194 ሕመምተኞችንና 203 ጤነኞችን አነጻጽረው እ.ኤ.አ በ2012 ያወጡት ጥናት፣ የሰውነትን የመከላከል አቅም በሚቆጣጠሩ የተወሰኑ ዘረመሎች ላይ ያለ ልዩነት ለበሽታው ተጋላጭ እንደሚያደርግ አረጋግጧል። በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ተደጋግሞ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ኅብረተሰቡ "በዘር የሚወርድ ነው" ሲል የቆየው እንግዲህ ሙሉ በሙሉ ስሕተት አልነበረም። የተሳሳተው ግን ከዚያ የተሰጠው መደምደሚያ ነው፤ የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም፤ አፈሩ እግሩን ካልነካው ተጋላጩም አይታመምም።

ወደ ጤና ጣቢያው ባለሙያ እንመለስ። ማረጋገጫ የሚሆን ምርመራ ስለሌለ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለየው ሌሎቹን በሽታዎች አንድ በአንድ በማስወጣት ነው። ለዚህም ዋናው መሣሪያ በጥንቃቄ ማየት፣ መዳሰስና መጠየቅ ነው። እብጠቱ ከየት ጀመረ? ፖዶኮኒዮሲስ ከእግር መዳፍና ከጣቶች ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ሲሆን ከጉልበት እምብዛም አያልፍም። ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም እግሮች ይይዛል፤ መጠናቸው ግን እኩል አይሆንም። የፊላሪያ እብጠት በአንጻሩ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ እግር ላይ ከፍ ካለ ቦታ ይጀምራል፤ ብሽሽትን ይጨምራል፤ በወንዶች ላይም የዘር ፍሬ ከረጢት ውሃ መቋጠርን ያስከትላል። የሥጋ ደዌ ያለበት ሰው የእግሩ ስሜት ይደነዝዛል፤ የፖዶኮኒዮሲስ ሕመምተኛ ግን የመርፌ ጫፍ ሲነካው ያውቃል። በጣት ሲጫኑት የሚጎደጉድና ከፊት ማበጥ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር የመጣ እብጠት ሐኪሙን ወደ ልብና ወደ ኩላሊት ይመራዋል። ጠቆር ያሉ እብጠቶች ያሉበት እግር ካፖሲ ሳርኮማ የተባለውን ካንሰር፣ መግል የሚያወጡ ቀዳዳዎች ያሉት ደግሞ ጥልቅ የፈንገስ ሕመምን እንዲያስብ ያስገድደዋል።

እዚህ ላይ አንድ አሳሳች ነገር አለ። የፊላሪያ መለያ የደም ምርመራ "የለም" የሚል ውጤት ቢሰጥም በሽታው አልነበረም ማለት አይደለም፤ እግሩ ካበጠ ዓመታት ባስቆጠረ ሰው ትሉ ሞቶ ጉዳቱ ብቻ ሊቀር ይችላልና። ስለዚህ ሕመምተኛው ከደጋ መምጣቱን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ከዚህ ቀደም ቆላ ወርዶ ሠርቶ፣ ለዓመታትም ተቀምጦ ከሆነ መጠየቅ ይገባል። በጥድፊያ የሚሠራ ተመላላሽ ክፍል ይህን ጥያቄ ይዘለዋል። ከምርመራ መሣሪያ እጥረት ይልቅ ለስሕተት የሚዳርገው ይኸው እንደሆነ ጸሐፊው ያምናል።

ባለሙያውም ቢሆን ከተሳሳተ ግንዛቤ ነፃ አልነበረም። እ.ኤ.አ በ2010 የታተመ በደቡብ ኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት፣ ከተጠየቁት የጤና ባለሙያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፖዶኮኒዮሲስ ተላላፊ ነው ብለው ያምኑ እንደነበር አሳይቷል። ባለሙያው ራሱ የሚሸሸው ሕመምተኛ ወደ ጤና ተቋም አይመለስም። በሠፈሩም ከጋብቻና ከማኅበር ይገለላል፤ ሕፃን ከሆነም ትምህርቱን ያቋርጣል።

የበሽታው ስፋት በአገር ደረጃ ግልጽ የሆነው ዘግይቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2011 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር አሰለፈው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ በ2013 ይፋ ባደረገችው ብሔራዊ ዕቅድ ውስጥ አካተተችው። በዚያው ዓመት ፊላሪያሲስና ፖዶኮኒዮሲስ በአንድነት በ659 ወረዳዎች የተጠኑ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ውስጥ በአገር ደረጃ 4 በመቶ፣ ጌዴኦን ይጨምር በነበረው በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ደግሞ 8.3 በመቶ ፖዶኮኒዮሲስ ተገኝቶባቸዋል።

ሁለቱን በሽታዎች ለይቶ ማወቅ ለሐኪሙ ብቻ ሳይሆን በጀት ለሚመድበው ኃላፊም ትርጉም አለው። ፊላሪያሲስ ያለበት ወረዳ ለሕዝቡ በዓመት በዓመት መድኃኒት በጅምላ ይታደለዋል። ፖዶኮኒዮሲስ ላለበት ወረዳ ግን ይኸው መድኃኒት ምንም አይፈይድም። በስሕተት የተለየ ወረዳ የማያስፈልገውን መድኃኒት ለዓመታት ሲወስድ፣ የሚያስፈልገው ውሃ፣ ሳሙናና ጫማ ሳይደርሰው ይቀራል። ጉዳቱ በገንዘብም ተሰልቷል። 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ይኖርበት በነበረው የወላይታ ዞን በሽታው በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር በላይ እንደሚያሳጣ እ.ኤ.አ በ2006 የወጣ ጥናት ገምቷል።

ሕክምናው ከምርመራው ይልቅ ቀላል ነው። እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ በረኪና በጥቂቱ በተጨመረበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ በሚገባ ማድረቅ፣ ቆዳው እንዳይሰነጣጠቅ ቫዝሊን መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕመምተኞች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ በ2018 የታተመ ጥናት ይህ እንክብካቤ የተሰጣቸው ሰዎች ትኩሳትና ብርቱ ሕመም አስከትሎ አልጋ ላይ የሚጥለው ድንገተኛ ቁስለት እንደቀነሰላቸው አረጋግጧል። ቅነሳው መጠነኛ ቢሆንም በቡና ለቀማ ወቅት ጥቂት የሥራ ቀናትን ማትረፍ ለአንድ ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የተደረሰበት እብጠት ሊመለስ ይችላል። ቆዳው ከጠነከረ በኋላ ግን ማስታገስ እንጂ ወደ ነበረበት መመለስ ያዳግታል። ስለሆነም ከሁሉ የሚሻለው በጉርምስና ዕድሜ የሚጀምረውን የእግር ማሳከክና ማቃጠል፣ ማምሻውን የሚታየውንና ሌሊት የሚጠፋውን እብጠት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቤት ለቤት ጉብኝቷ፣ መምህሩም በክፍሉ ውስጥ ለይተው እንዲያውቁት ማድረግ ነው።

ጫማን በተመለከተ ከወላይታ የተገኘው ልምድ መታወስ አለበት። ለሕፃናት የሚታደለው ጫማ በሽታውን ይከላከላል፤ አስቀድሞ ለታመመው ግን በገበያ ላይ ያለው ሸበጥም ሆነ ኮንጎ ጫማ እግሩን አይገባለትም። በወላይታ ሶዶ ይህን የተረዱት ወገኖች የየአንዳንዱን ሕመምተኛ እግር እየለኩ ሰፋፊ ጫማ የሚሠሩ ጫማ ሰፊዎችን አሠልጥነዋል።