ካባ የደረበው ብሮውዘር

ቪኤስ ኮድ የሚባለው የማይክሮሶፍት የኮድ መጻፊያ ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለ አንድ ነገር ሞክሩ። ከላይ «ሄልፕ» የሚለውን ሜኑ ክፈቱና «ቶግል ዴቨሎፐር ቱልስ» የምትለዋን ተጫኑ። ብቅ የሚለውን ሰሌዳ ድረ ገጽ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ክሮም ላይ ኤፍ 12 ሲነካ የሚመጣው ያው ሰሌዳ ነው። በሰሌዳው ጥግ ያለችውን የቀስት ምልክት ተጭናችሁ ጠቋሚውን በፕሮግራሙ ላይ ብታንሸራሽሩ፣ ቁልፉም፣ የፋይሎቹ ዝርዝርም፣ የምትጽፉት መስመርም የድረ ገጽ መሥሪያ በሆነው በኤችቲኤምኤል የተሠራ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የአንዱን ቀለም ለውጡት፤ ወዲያው ይለወጣል። (ዘግታችሁ ስትከፍቱት ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ አትስጉ።) እንደ ማንኛውም ሶፍትዌር ኢንስቶል ያደረግነው፣ ዴስክቶፕ ላይ የራሱ ምልክት ያለው ፕሮግራም ውስጡ ሲገለጥ ድረ ገጽ ነው።

የዚህ ጥበብ ስም ኤሌክትሮን ነው። የተጀመረው በ2013 ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማከማቻ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልኝ። ጊትሃብ አቶም የተባለ የጽሑፍ አርታዒ እየሠራ ነበርና ለእሱ መያዣ የሚሆን ቅርፊት አበጀ። ስሙም መጀመሪያ አቶም ሼል ነበር፤ በ2015 ኤሌክትሮን ተባለ። አቶም ራሱ በ2022 መጨረሻ ተዘግቷል። ቪኤስ ኮድን ጨምሮ ብዙ ፕሮግራሞች ዛሬም የሚኖሩት ግን በዚያው ቅርፊት ውስጥ ነው።

አሠራሩ ለመናገር ቀላል ነው። ሁለት ነገሮችን ያጋባል። አንደኛው ክሮሚየም፣ ማለትም ክሮም የተሠራበት ክፍት ኮድ ነው፤ መልኩን የሚያሳየው እሱ ነው። ሁለተኛው ኖድ ጄኤስ ነው፤ ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጭ የሚያሠራ። ጋብቻው ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ብሮውዘር ድረ ገጽን እንዴት እንደሚያስተናግድ ማየት ነው። ብሮውዘር ማንኛውንም ገጽ ቢሆን ሳሎን ያስቀምጠዋል እንጂ ጓዳ አያስገባውም። ገጹ እንዳሻው ሃርድ ዲስክ ላይ ያለ ፋይል ማንበብ፣ ሌላ ፕሮግራም ማስነሳት አይችልም፤ ቢችል ኖሮ ያገኘነውን ሊንክ ሁሉ የምንነካ ሰዎች መድረሻችንን እንጃ። ኤሌክትሮን የጓዳውን ቁልፍ ለእንግዳው ሰጠው።

ድርጅቶች የወደዱት በሌላ ምክንያት ነው። ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ ለየብቻ መሥራት ሦስት ዓይነት ባለሙያና ሦስት ጊዜ ድካም ይጠይቃል። ድረ ገጽ የሚሠሩ ልጆች ግን ቀድሞውኑ አሉ። ስላክ፣ ዲስኮርድና ሲግናል ለዴስክቶፕ ያወጧቸው ፕሮግራሞች በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው።

ዋጋው የሚከፈለው በእኛ ማሽን ላይ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ሙሉ ክሮሚየም ተሸክሞ ይመጣል፤ ባዶ መስኮት ብቻ የሚያሳይ የኤሌክትሮን ፕሮግራም እንኳ ተዘርግቶ ሲቀመጥ ከ100 ሜጋባይት ይበልጣል። ሦስቱን አንድ ላይ መክፈት ሦስት እንግዶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ምድጃ ይዘው ቤት እንደመግባታቸው ነው። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ይህን ሲችል ማራገቢያው ይጮኻል። ታስክ ማናጀር ውስጥ የአንዱ ፕሮግራም ስም አምስት ስድስት ቦታ ተደርድሮ የምታዩትም ቫይረስ ሆኖ አይደለም፤ ክሮሚየም ሥራውን ከፋፍሎ ስለሚሠራ ነው፣ አንዱ ክፍል ሲወድቅ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ።

ስንፍና ነው ብለው የሚያጥላሉት አሉ። እኔ አልስማማም፤ ኤሌክትሮን ባይኖር የሊኑክስን ተጠቃሚ ዞር ብሎ የማያየው ድርጅት ይበዛ ነበር። ደግሞስ ተጠቃሚው ልዩነቱን በምን ያውቃል? ቴሌግራም ዴስክቶፕ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ፣ ብሮውዘርን መያዣ ያላደረገ የድሮው ዓይነት ሶፍትዌር ነው። ሲግናል ኤሌክትሮን ነው። ጎን ለጎን ክፈቷቸው፤ ሁለቱም የመልእክት መስኮት ናቸው።

ወንዙን ከወዲያ ማዶ የተሻገሩም አሉ፤ ብሮውዘር ውስጥ ሆነው እንደ ፕሮግራም የሚሠሩ ድረ ገጾች። በ1999 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ገጹን እንደገና ሳይጭኑ መረጃ ብቻ ማምጣት የሚያስችል መሣሪያ ይዞ መጣ፤ ጂሜይል በ2004፣ ጉግል ማፕስ በ2005 ምን እንደሚሠራበት አሳዩ። በ2017 ዌብአሴምብሊ በዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ውስጥ ገባና በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ከባድ ኮድ ብሮውዘር ውስጥ መሮጥ ቻለ። የዲዛይነሮቹ ፊግማ በዚህ ይሠራል፤ ፎቶሾፕም ከ2023 ጀምሮ በይፋ በድር ላይ አለ። አንዳንድ ድረ ገጾችን በክሮም ስትከፍቱ በአድራሻው ሳጥን ዳር የመጫኛ ምልክት ትታያለች። ብትነኳት ገጹ የራሱ መስኮት ይኖረዋል፣ የአድራሻው ሳጥን ይጠፋል፣ ዴስክቶፕ ላይ ምልክቱ ይቀመጣል። ይሄኛው ምድጃ ይዞ አይመጣም፤ ቤት ባለው ያበስላል።

እንግዲህ መልኩ ልዩነቱን ካልነገረን፣ መለየት የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ፋይሉ የት ነው ያለው? ለዚህ ትምህርት ዋጋ ከፍያለሁ። ማስታወሻ የምይዝበትን አንድ ፕሮግራም ኢንስቶል አድርጌ፣ ምልክቱ ዴስክቶፕ ላይ ስላለ ጽሑፌም እዚያው ያለ መስሎኝ ክፍለ ሀገር ሄድኩ። ኔትወርክ የለም። ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ ነጭ መስኮት፣ መሐሉ ላይ የሚዞር ክብ። ከእኔ ጋር የመጣው ቅርፊቱ ብቻ ነበር፤ ጽሑፉ ባሕር ማዶ ቀርቷል። በዚያው ሰዓት ክሮም ውስጥ፣ «ዌብ ነው» ብዬ የናቅሁት ጉግል ዶክስ ሌላ ሰነድ ከፈተልኝ፤ ከወራት በፊት ኦፍላይን አድርጌው ነበር። ባንክ ቤት «ሲስተም የለም» ስንባል የምናጉረመርም ሰዎች የራሳችን ሲስተም የት እንዳለ አለመጠየቃችን ይገርማል።

ስለዚህ መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት ፕሮግራሙን ሙሉ በሙሉ ዝጉት፣ ዋይፋዩን አጥፉ፣ እንደገና ክፈቱትና የምትፈልጉት ፋይል መኖሩን እዩ። የጉግል ዶክስን ኦፍላይን ደግሞ ኢንተርኔት ሳለ አብሩት፤ ከተቋረጠ በኋላ አይበራም።