ግሱ አለ፣ ቅኔው ግን እንቢ አለ

ዋድላ በቅኔ የታወቀ አገር ነው፤ የዋድላ ቅኔ ቤት ከጎጃሞቹ ከዋሸራና ከጎንጅ እኩል ይጠራል። የወረዳው ከተማ ኮን ደግሞ ከወልድያ ወደ ወረታ በሚዘልቀው፣ ሰዉ «የቻይና መንገድ» በሚለው ጎዳና ላይ ናት፤ በምሥራቅ ጋሸና፣ በምዕራብ ነፋስ መውጫ። ስለ ተመታ ጭንቅላት ሳስብ መንገዱም ቅኔውም ይመጡብኛል። መንገዱ ሰው ከሚጎዳባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ቅኔው ደግሞ ምን እንደተጎዳ ያሳያል።

የቅኔ ተማሪ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ላገሬው መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላው ልንገር። ለብቻው ወጥቶ ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም ያወጣል። ግሱን ካጠናው ይጠራል፣ ምሥጢር ያስባል፣ ሰሙን ከወርቁ ያስማማል፣ ቤት ይመታል፣ ዜማ ይለካል። ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ መወድስ ግን ስምንት። ይህ ሁሉ በወረቀት ሳይሆን በራስ ውስጥ ተይዞ ለየኔታ ይነገራል።

ይህ ተማሪ ከመኪና ላይ ወደቀ፣ ወይም ዱላ አናቱ ላይ አረፈበት እንበል። ጥቂት ደቂቃ ራሱን ስቶ ነቃ። ቁስሉ ዳነ። እናቱን ያውቃል፣ ግሱንም አልረሳም። ለቆጠራ ሲቀመጥ ግን ሁለተኛውን ቤት ሲያስብ የመጀመሪያው ይጠፋዋል። ወፍ ስትጮህ ሐሳቡ ይበተናል። ሳይቆይ ይደክማል፤ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። አንዱ «ሰነፈ» ይለዋል፣ ሌላው «ለክፎት ነው» ይላል።

ሐኪሞችም ቢሆኑ ለረጅም ጊዜ የሚፈልጉት የተቦደሰ ቦታ ነበር። አሜሪካዊው የሐዲድ ሠራተኛ ፊኒያስ ጌጅ እ.ኤ.አ. በ1848 ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ብረት ጉንጩን ዘልቆ በአናቱ ቢወጣም ተረፈ፤ ጠባዩ ግን ተለወጠ። እዚያ ላይ የተጎዳው ቦታ ይታይ ነበር። የእኛ ተማሪ ግን የራስ ቅሉ አልተሰነጠቀም፤ ሲቲ ስካን ቢነሣም ምንም ላይታይበት ይችላል።

የተጎዳው ማገናኛው ነው። አንጎል ለስላሳ ነው፤ ራስ በድንገት ሲዞር ወይም ሲቆም እርሱ ውስጥ ለውስጥ ይጠማዘዛል። ግራጫው ክፍልና ነጩ ክፍል እኩል አይንቀሳቀሱም፤ በመካከላቸው የሚያልፉት የነርቭ ክሮች ይሳባሉ። ብዙዎቹ ወዲያው አይበጠሱም። ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባባቸዋል፣ በክሩ ውስጥ የሚመላለሰው ቀለብ ይቆማል፣ ክሩ ያብጣል፤ ከሰዓታት በኋላ ይበጠሳል። ሐኪሟ ሳቢና ስትሪች ከባድ አደጋ ደርሶባቸው አእምሯቸው ሳይመለስ የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምራ በነጩ ክፍል የክሮቹን መጥፋት የገለጸችው እ.ኤ.አ. በ1956 ነበር። ናዳ መንገድ ሲዘጋ ገበያው አይጠፋም፤ እህሉ ግን በጓሮ ዞሮ፣ ዘግይቶ ይደርሳል። ሐሳብም እንደዚያው።

ዛሬ በኤምአርአይ የሚታወቅ ሌላ ነገር አለ። ሰው ሥራ ሳይዝ ሐሳቡ ወዲያ ወዲህ ሲል አብረው የሚነቁ፣ እንደ መረብ የተያያዙ የአንጎል ክፍሎች አሉ፤ በአንድ ነገር ላይ ሲያተኩር ደግሞ ሌላ መረብ ይነቃል፣ የፊተኛው ዝም ይላል። «ይህ ያስፈልጋል፣ ወደዚህ ዙር» ብሎ የሚያቀያይር ሦስተኛ መረብ አለ። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት የዚህ የሦስተኛው መረብ ክሮች በተጎዱባቸው ሰዎች የመጀመሪያው መረብ በሥራ ጊዜ ዝም እንደማይል አሳዩ። ተማሪው ሊቆጥር ተቀምጦ ሐሳቡ የሚሸሸው እንዲህ ሆኖ ነው። በእኔ እምነት «ሰነፈ» የሚለውን ፍርድ ለመሻር ይህ ብቻ ይበቃል።

ጉዳቱ በአገራችን ከመኪና ብቻ አይመጣም። በአዲስ አበባ ለጭንቅላት ቀዶ ሕክምና የቀረቡ ሰዎች ሲጠኑ በጠብ የተመቱት ይበዙ ነበር፤ ዱላና ድንጋይ ማለት ነው። የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. በዋድላ ደጋ ሲያልፍ ከፍንዳታ አጠገብ የነበሩም አሉ፤ የፍንዳታ ግፊት ስብርባሪ ሳይነካ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። የሚያክም ባለሙያ ግን እንደ ልብ አልነበረም፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከኖርዌይዋ በርገን ከተማ ሐኪሞች ጋር የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ከዚያ በፊት ባለሙያዎቹ በጣት ይቆጠሩ ነበር።

የተመታ ሰው ደጋግሞ ካስመለሰው፣ እንቅልፉ እየከበደ ከሄደ፣ ካንቀጠቀጠው፣ የአንድ ዓይኑ ብሌን ከሰፋ፣ ወይም ከጆሮው ከአፍንጫው ውሃ ከወረደ ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ። ጸበሉም አይቅር፤ ሕክምናው ግን አይዘግይ።

ቀላል ጉዳት የደረሰበት አብዛኛው ሰው በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይሻለዋል፤ ጥቂቱ ይቆይበታል። እስኪሻለው እንቅልፉን ይጥገብ፣ ሁለተኛ ምት እንዳያገኘው ይጠበቅ፣ ሥራውም ቀስ እያለ ይመለስ።

የኔታ፣ ይህን ልጅ ለጊዜው ከጉባኤ ቃና አያሳልፉት፤ መወድሱ ይቆየው።