የመኪና ጥልፍ በከፋይ ላይ፦ ውበቱ ከላይ፣ መሠረቱ ከሥር

ከፋይ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ለክብር ቀን የሚቀመጥ ጨርቅ ነው። ሙሽራ ትለብሰዋለች፤ ቁርአን ይሸፈንበታል፤ መስገጃ ሆኖ ይነጠፋል፤ ለትራስ ልብስና ለመጋረጃም ይውላል። በላዩ ላይ ስም ወይም አበባ ተጠልፎበት ለሙሽሮች ወይም ከሐጅ ለተመለሱ ወላጆች ሲሰጥ ደግሞ ያማረ ስጦታ ይሆናል። ዛሬ የጥልፍ መኪና ይህንን ሥራ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።

ይሁን እንጂ ብዙ ደንበኞች በደስታ የተቀበሉት ጥልፍ ጥቂት ከቆየ በኋላ ፊደሎቹ ተውጠው፣ ጠርዙ ተጨማዶ፣ ዙሪያውንም የመወጠሪያው ክብ ምልክት ቀርቶበት ሲያዩ ያዝናሉ። መኪናው ያው፣ ክሩ ያው፣ ንድፉም ያው ሆኖ ሳለ በጥጥ ጨርቅ ላይ ያማረው ጥልፍ በከፋይ ላይ ለምን ይበላሻል? ይህንን ሙያ መተዳደሪያቸው ለማድረግ ለሚያስቡ ወጣት እህት ወንድሞቻችንና ጨርቃቸውን አምነው ለሚሰጡ ቤተሰቦች መልሱን ማወቅ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

የከፋይ ጠባይ

ከፋይ እንደ ማንኛውም ሽምን ጨርቅ ድርና ማግ አለው። የሚለየው ጠጉር የሚሆን ተጨማሪ ድር ስላለው ነው። በፋብሪካ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጨርቆች ፊት ለፊት ሆነው በአንድ ጊዜ ይሸመናሉ፤ ተጨማሪው ድር ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ያስተሳስራቸዋል። ከዚያም በመካከላቸው ምላጭ ሲያልፍ ሁለት ከፋይ ሆነው ይለያያሉ፤ የተቆረጠውም ክር በየፊታቸው ላይ ቆሞ ይቀራል። ጠጉሩ ይህ ነው።

እጃችንን በከፋይ ላይ ብናሳልፍ በአንዱ አቅጣጫ ይለሰልሳል፣ በተቃራኒው ይሻክራል። ቀለሙም እንደ ጠጉሩ አቅጣጫ ይደምቃል ወይም ይፈዛል። ለጠላፊው ሦስት ችግሮች የሚመጡት ከዚህ ጠባይ ነው። አንደኛ፣ ክሩ በጠጉሩ መካከል ይሰምጣል፤ ጠጉሩም በስፌቱ መሐል እየሾለከ ይወጣል። ሁለተኛ፣ መወጠሪያው ሲጠብቅ ጠጉሩን ይደፈጥጠዋል፤ የተደፈጠጠ ጠጉርም ሁልጊዜ ተመልሶ አይቆምም። ሦስተኛ፣ ጠጉሩ ከመኪናው እግር ሥር ስለሚያንሸራትት ጨርቁ ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ በመጨረሻም የአበባው ጠርዝና መሐሉ ሳይገጣጠሙ ይቀራሉ።

የቀደሙት ባለሙያዎች መላ

ይህ ችግር ከመኪና ጋር የመጣ አይደለም። በኦቶማን ዘመን በቱርክ አገር ቢንዳሊ የሚባል ረጅም የከፋይ ልብስ ለሠርግና ለሂና ምሽት ይለበስ ነበር። የስሙ ትርጉም «ሺህ ቅርንጫፍ» ማለት ሲሆን ስሙን ያገኘው በላዩ ላይ ከሚጠለፈው የቅርንጫፍና የአበባ ንድፍ ነው። በተለይ የማራሽ ከተማ በእንዲህ ዓይነቱ ጥልፍ ትታወቃለች፤ ጥበቡም «የማራሽ ሥራ» ይባላል።

የእነዚያ ባለሙያዎች ዘዴ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ንድፉን በካርቶን ላይ ይቆርጡና ከፋዩ ላይ ያጣብቁታል። ከዚያም ወርቅማውን ክር በካርቶኑ ላይ ከዳር እዳር እያመላለሱ ይሸፍኑታል፤ በየጠርዙም ከሥር በሚመጣ፣ ሰም በተቀባ ሌላ ክር ያስሩታል። ውዱ ክር ወደ ጨርቁ ጀርባ አያልፍም። ካርቶኑ ጠጉሩን ተጭኖ ስለሚይዘው ጥልፉ ከፍ ብሎ ይታያል። የሚያየው ሰው የሚያደንቀው ወርቁን ነው፤ ወርቁን የተሸከመው ግን ማንም የማያየው ካርቶን ነው።

መኪናው ምን ለወጠ?

እ.ኤ.አ. በ1863 ኢሳክ ግሮብሊ የተባለ የስዊዘርላንድ ሰው በማያቋርጥ ክርና በመወርወሪያ የሚሠራ የጥልፍ መኪና ፈለሰፈ። ከዚያ በኋላ የጥልፍ ሥራ ከእጅ ወደ ፋብሪካ በሰፊው ገባ። የስፌት መኪናም ዓለምን አዳረሰ። በሐረር ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን በተርታ ደርድረው የሚሠሩበት ጠባብ መንገድ «መኪና ግርግር» መባሉ የመኪናው ድምፅ ለሰፈር ስም እስከ መሆን እንደ ደረሰ ያሳያል።

ዛሬ ደግሞ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ መኪና ንድፉን ተቀብሎ ራሱ ይጠልፋል። ነገር ግን መኪናው የታዘዘውን ነጥብ ይወጋል እንጂ ከመርፌው በታች ያለው ጨርቅ ጥጥ ይሁን ከፋይ ለይቶ አያውቅም። የማራሹን ካርቶን የሚተካ መሠረት ማዘጋጀት የባለሙያው ድርሻ ሆኖ ቀርቷል።

አሠራሩ

ሀ. ንድፍ መምረጥ። ቀጫጭን መስመርና ደቃቅ ፊደል ለከፋይ አይሆንም። መስመሩ ከሁለት ሚሊ ሜትር ባይቀጥን ይመረጣል። በሌላ በኩል ንድፉ ከመጠን በላይ ከታጨቀ ጨርቁን እንደ ሰሌዳ ያደርቀዋል።

ለ. ከሥር መደገፍ። ጠንካራ፣ የማይለጠጥ ደጋፊ ጨርቅ ያስፈልጋል። መወጠሪያው ውስጥ የሚገባው ይህ ደጋፊ ብቻ ነው። ከፋዩ በላዩ ተዘርግቶ ከንድፉ ውጭ በሰፋፊ ስፌት ለጊዜው ይያዛል። በዚህ መንገድ መወጠሪያው ጠጉሩን ሳይነካው ይቀራል።

ሐ. ከላይ መሸፈን። በከፋዩ ላይ በውኃ የሚሟሟ ስስ ላስቲክ ይደረጋል። ጠጉሩን ስለሚያስተኛው ስፌቱ በላዩ ያርፋል። ሲያልቅ ትርፉ በቀስታ ይቀደዳል። ውኃ የሚያበላሸው ከፋይ ከሆነ ሊታጠብ አይገባም፤ በጠርዙ የቀረውን በወረንጦ መልቀም ይሻላል።

መ. የመሠረት ስፌት። ከዋናው ጥልፍ በፊት በክሩ ቀለም ሳሳ ያለ መረብ መሰል ስፌት ይሠራል። ላስቲኩ ከጠርዝ ውጭ ሲነሳ ጠጉሩን ይዞ የሚቀረው ይህ መረብ ነው። ብዙዎች ጊዜ ለመቆጠብ የሚዘሉት ይህንን ነው፤ ጉዳቱም በመጀመሪያው ቀን አይታይም።

ሠ. መርፌና ፍጥነት። መርፌው አዲስና ስል ይሁን፤ መኪናውም ዝግ ይበል። በከፋይ ላይ የተሳሳተ ስፌት ሲፈታ ጠጉሩ አብሮ ይነቀላል፤ ባዶ ቦታውም አይደበቅም። ስለዚህ አስቀድሞ በቁራጭ ላይ መሞከር ግድ ነው።

ረ. ካውያ። ከፋይ ከፊቱ በካውያ አይተኮስም። ፊቱን ወደ ታች አድርጎ በሌላ ከፋይ ወይም በወፍራም ፎጣ ላይ በማንጠፍ ከጀርባው በእንፋሎት ብቻ ማቃናት ይገባል።

ተራ የስፌት መኪና ያለውም ሰው ተስፋ አይቁረጥ። ከእግሩ ሥር ጨርቁን የሚጎትቱትን ጥርሶች ዝቅ አድርጎ ጨርቁን በእጅ እየመሩ መጥለፍ ይቻላል። ልምምድ ይጠይቃል፤ የመሠረቱ ሕግ ግን ያው ነው።

ሌሎች ጠጉራም ጨርቆችም እንደየጠባያቸው ይያዛሉ። በፎጣ ላይ መርፌው ቀለበቶቹን እንዳይጎትት ላስቲኩ ከላይ የግድ ይደረጋል። ለስላሳ ብርድ ልብስ ስለሚለጠጥ ደጋፊው መጠንከር አለበት። ባለ ሸንተረር ከፋይ ላይ በሸንተረሩ አቅጣጫ የተሠራ ቀጭን መስመር ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ስፖንጅ ያለው ወፍራም መስገጃ ደግሞ ስሙን በሌላ ጨርቅ ላይ ጠልፎ በዳሩ መስፋት ይቀላል። የአላህ ስም ያለበት ጽሑፍ በሚረገጥ ጨርቅ ላይ እንዳይጠለፍ መጠንቀቅም ተገቢ ነው።

ጨርቁ የማን ነው?

ወደ ጠላፊ የሚመጣው ከፋይ አብዛኛውን ጊዜ የተሰፋ ልብስ ወይም የተገዛ ጨርቅ ነው። ዋጋው ከጥልፉ ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ቢበላሽ ማን ይክፈል? ጥያቄው አዲስ አይደለም። የፊቅህ ዑለማኦች የሰው ንብረት ተቀብለው ስለሚሠሩ ባለሙያዎች በሰፊው ተወያይተዋል። በዝርዝሩ ይለያዩ እንጂ የባለሙያው ቸልተኝነት ካለ ተጠያቂ መሆኑ የታወቀ ነው። በሐነፊ መዝሀብ ኪታቦች የሚሰጠው ምሳሌ ለርእሳችን እጅግ ቅርብ ነው፦ ልብስ አጣቢ ልብሱን ሲወቅጥ ቢቀደድበት፣ ጉዳቱ ከራሱ ሥራ የመጣ በመሆኑ ይከፍላል።

ስለዚህ ጠላፊው ከመርፌው በፊት መናገር አለበት። «ይህ ንድፍ ለዚህ ጨርቅ አይሆንም» ማለት ደንበኛ አያሳጣም፤ ቢያሳጣም አማናን ከማጉደል ይሻላል። የመሠረት ስፌቱን ዘሎ የሙሉ ሥራ ዋጋ መቀበልም ከአማና ጋር አይሄድም፤ ከፋዩ ለጊዜው ይሸፍነዋልና።

ለቤተሰቦችም የምንመክረው አለ። ሥራ ስትረከቡ ፊቱን ብቻ አትዩ። እጃችሁን ከጠጉሩ በተቃራኒ አሳልፉና ፊደሎቹ ቆመው መቅረታቸውን ተመልከቱ። ከዚያም ገልብጡት። የተንዛዛ ክር የሌለው፣ ደጋፊው በሥርዓት የተከረከመ ጀርባ የባለሙያውን ትጋት ይናገራል። ልጁን ለዚህ ሙያ የሚሰጥ ወላጅም የሚያሠለጥነውን ሰው ሲመርጥ በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ናሙና ዝቅ አድርጎ ጀርባውን ቢያይ መልካም ነው።