ከእስር ቤት የሚመጣ መልእክት

አንድ ሰው ሚስቱን ደብድቦ አቆሰለ። ተከሰሰ፤ ተፈረደበት፤ ታሰረ። ፍርድ ቤቱም «አትድረስባት፤ መልእክትም አትላክባት» ብሎ አዘዘ። ቤቱ ሰላም አገኘ። ልጆቹም ሳይባንኑ ማደር ጀመሩ።

ከዚያ አንድ ቀን ደብዳቤ ይመጣል። ወይም ስልክ ይደወላል። ወይም ዘመዱ በገበያ ቀን መንገድ ላይ ጠብቆ «እንዲህ በልልኝ ብሎኛል» ይላታል። ሴቲቱ ትደነግጣለች። ጎረቤት ግን «እሱ እንደሆነ ታስሯል፤ ምን ያደርግሻል?» ይላል። የታሰረው ሰውነቱ ነው እንጂ ምላሱ አይደለም።

መልእክቱ ሁልጊዜ ዛቻ አይደለም። አንዳንዱ ማር ነው። «ተጸጽቻለሁ፤ ልጆቼ ናፈቁኝ» ይላል። አንዳንዱም ሽማግሌ ይዞ ይመጣል። ይህ ለምን ይሆናል? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስለ አመክሮ ይናገራል። እስረኛው ከቅጣቱ ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ከፈጸመ፣ ጠባዩም ካማረ፣ ያደረሰውንም ጉዳት በሚችለው መጠን ከካሰ፣ ቀሪው ሳያልቅ ሊፈታ ይችላል። ስለዚህ አንዳንዱ «ታርቀናል» የሚል ወረቀት ይፈልጋል። ወረቀቱ ላይ የሴቲቱ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ያስፈልገዋል።

ይቅር ማለት የልብ ነገር ነው። እሷ ከወደደች ማንም አይከለክላትም። ማንም ግን አያስገድዳትም። ይቅርታ ሌላ ነው፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሌላ ነው። ፍርድ ቤት ያዘዘውን የሚያነሳው ፍርድ ቤት ነው። ሽማግሌ አያነሳውም። በሰው አፍ የተላከ መልእክትም ያው የእሱ መልእክት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

1. ደብዳቤውን አትቅደዱት፤ አታቃጥሉትም። ማስረጃ ነው።

2. መልስ አትስጡ። ስድብም ቢሆን መልስ ነው። መልስ ያገኘ ሰው ደግሞ ይልካል።

3. ቀኑን ጻፉ። ማን አመጣው? ምን አለ? ማን ሰማ? ስልክ ከሆነ ቁጥሩንና ሰዓቱን ጻፉ። ዛቻ የተበዳዩን አቤቱታ የሚጠይቅ ወንጀል ነው። አቤቱታው ነገሩ በታወቀ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ቀን ያልጻፈ ሰው ጊዜው ያልፍበታል።

4. የትእዛዙን ቅጂ ይዛችሁ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ዐቃቤ ሕግ ሂዱ። ለማረሚያ ቤቱም አመልክቱ፤ እስረኛው በእጁ ነውና። የሚዝት ሰው የመልካም ጠባይ ዋስ እንዲጠራ ፍርድ ቤት ሊያዝ ይችላል። ደብዳቤውን ስታስረክቡ ቅጂውን አስቀሩ።

5. መቼ እንደሚፈታ ጠይቁ። ቀኑን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ይዘጋጃል።

6. ያላነበባችሁት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። «ቀላል ነገር ነው፤ ዝም ብለሽ ፈርሚ» የሚል ቢመጣ «ትቼ ልሂድና ላንብበው» በሉት።

ለጠበቃ የሚከፈል ገንዘብ ከሌለ፣ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች በነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል።

ጎረቤቶችም ድርሻ አለን። መልእክተኛ አንሁን። «እባክህ ይህን አድርስልኝ» ብንባል «ፍርድ ቤት ከልክሏል» እንበል። ሴቲቱ ወደ ወረዳ ስትሄድ ብቻዋን አትሂድ፤ አንዳችን አብረናት እንሂድ። ምስክር ስትፈልግም የሰማነውን እንናገር።

ማንበብ የማትችል ሴት ደብዳቤ ሲደርሳት አንባቢ ትፈልጋለች። አንባቢው የእሱ ወንድም ሊሆን ይችላል። የወደደውን አንብቦ ያልወደደውን ይዘላል። ማንበብ የቻለች ሴት ግን ደብዳቤዋን በሯን ዘግታ ራሷ ታነባለች። ቀኑን በገዛ እጇ ትጽፋለች። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ችሎት ፊት የሚቆምላት ይኸው የጻፈችው ነው።