ኢኮኖሚ ክላስ ውስጥ ሰፋ ያለ ቦታ እንዴት ይገኛል?

ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስቶ በቀጥታ አዲስ አበባ የሚያርፈው በረራ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲሆን ደግሞ ይረዝማል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ መንገደኛና ዕቃ የጫነ አውሮፕላን ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ስለሚከብደው መሃል ላይ አርፎ መሙላቱ የተለመደ ነው። ይህን ሁሉ ሰዓት ኢኮኖሚ ክላስ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው «ሰፋ ያለ ወንበር ስጡኝ» ቢል አይፈረድበትም።

ችግሩ ሰፋ ያለ ወንበር የሚባለው ነገር አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ቁመተ ረጅም ሰው የሚጨንቀው ጉልበቱ ነው። ትከሻው ወይም ዳሌው ሰፋ ያለ ሰው የሚጠበው በጎኑ ነው። ጋደም ብሎ መተኛት የፈለገ ደግሞ አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ካልሆነ እግሩን የቱንም ያህል ቢዘረጋ አይጠቅመውም። አየር መንገዶች ሦስቱንም ለየብቻ፣ በየዋጋው ይሸጣሉ። አንዱን ለማግኘት የተከፈለ ገንዘብ ሌላውን ሊያሳጣ ስለሚችል፣ ከመክፈልዎ በፊት የትኛው እንደሚቸግርዎት ይለዩ።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ስለ እግር ቦታ ሲወራ የሚጠቀሰው ልኬት «ፒች» ይባላል። በአንድ ወንበር ላይ ካለ ነጥብ ተነስቶ ከፊት ባለው ወንበር ላይ እስካለው ተመሳሳይ ነጥብ ድረስ ያለው ርቀት ነው። በረጅም በረራዎች ኢኮኖሚ ክላስ ብዙውን ጊዜ 31 ወይም 32 ኢንች ነው፤ ይህም ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ነገር ግን 80 ሴንቲ ሜትሩ ሁሉ ለጉልበት አይደለም፤ የመደገፊያው ውፍረት ከዚያው ላይ ይነሳል። ስለዚህ መደገፊያው ስስ የሆነ ባለ 31 ኢንች ወንበር፣ መደገፊያው ወፍራም ከሆነ ባለ 32 ኢንች ወንበር ይልቅ ለጉልበት ሊመች ይችላል።

የጎን ስፋትን የሚወስነው በአንድ ረድፍ የሚደረደሩት ወንበሮች ቁጥር ነው። ቦይንግ 787 ድሪምላይነር መጀመሪያ ሲታሰብ በረድፍ 8 ወንበር እንዲይዝ ነበር። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ግን 9 አድርገው፣ ሦስት ሦስት እያደረጉ ገጠሙት፤ የአንዱም ወንበር ስፋት 17 ኢንች ወይም 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆነ። የጃፓን አየር መንገድ በዓለም አቀፍ በረራዎቹ 8ቱን ይዞ በመቆየቱ በወንበር ስፋት ስሙ ይነሳል። ቦይንግ 777ም እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ በረድፍ 9 ወንበር ይዞ ይበር የነበረው ዛሬ በብዙ አየር መንገዶች 10 ሆኗል። ኤርባስ ኤ350 እንደ 787ቱ 9 ወንበር ቢይዝም ወገቡ ሰፋ ያለ ስለሆነ የወንበሩ ስፋት ወደ 18 ኢንች ይጠጋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለቱንም ዓይነት አውሮፕላን ስለሚያበር፣ ቀን ማማረጥ የሚችል ተጓዥ ቲኬት ሲቆርጥ የአውሮፕላኑን ዓይነት ቢያይ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አንድ ኢንች ሊያገኝ ይችላል። የአውሮፕላኑ ዓይነት በረራ ሲፈለግ ከሰዓቱ አጠገብ ተጽፎ ይታያል።

ሕግ ይጠብቀኛል ብሎ መተማመን አያዋጣም። የአሜሪካ ኮንግረስ በ2018 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ሕግ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የወንበሮችን ዝቅተኛ ልክ እንዲወስን አዝዞ ነበር። አስተዳደሩ የወንበር መጥበብ ሰዎች በአደጋ ጊዜ በፍጥነት እንዳይወጡ ያግድ እንደሆነ በፈቃደኞች ፈተነ፤ በ2022 የሕዝብ አስተያየት ጠየቀ፤ ልኩን ሳይወስን ግን ዓመታት አለፉ። የእርሱ ጥያቄ አውሮፕላኑ በ90 ሰከንድ ባዶ ይሆናል ወይ የሚል ነው እንጂ መንገደኛው ይመቸዋል ወይ የሚል አይደለም።

ጉልበት ለሚቸግረው

ለእግር ሰፊው ቦታ የአደጋ ጊዜ መውጫ በር አጠገብ ያለው ረድፍ ነው። ከፊቱ ወንበር ስለሌለ እግር እንደ ልብ ይዘረጋል። ዛሬ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ይህን ረድፍ በተጨማሪ ክፍያ ይሸጡታል፤ ገንዘብ የከፈለ ሁሉ ግን አይቀመጥበትም። የአሜሪካ ደንብ ቢያንስ 15 ዓመት የሞላው፣ በሩን ለመክፈት አቅም ያለው፣ የአስተናጋጆችን ትእዛዝ የሚረዳና ሕፃን ያልያዘ ሰው እንዲሆን ይጠይቃል፤ ሌሎች አገሮችና አየር መንገዶችም ተመሳሳይ ደንብ አላቸው። እርጉዝ ሴትን ወይም የቀበቶ ማስረዘሚያ የሚያስፈልገውን ሰው የማያስቀምጡም አሉ። ከፍለው ገብተው ሆስተሷ ብታስነሳዎት ጥፋቱ የእርሷ አይሆንም።

ሌላም ዋጋ አለው። ከፊት ወንበር ስለሌለ የምግብ ጠረጴዛው፣ ብዙ ጊዜም ቴሌቪዥኑ፣ ከክንድ ማሳረፊያው ውስጥ ተስቦ ነው የሚወጣው። ጠረጴዛውን የያዘው ክንድ ማሳረፊያ ወፍራም ድፍን ሳጥን ስለሆነ ወደ ላይ አይነሳም፤ የመቀመጫውንም ስፋት ይሻማል። ዳሌው ሰፋ ያለ ሰው ይህን ወንበር ከገዛ እግሩ ነፃ ወጥቶ ጎኑ ይታሰራል። በር ዳር ያለው ወንበር ደግሞ ሊበርድ ይችላል፤ አንዳንዱም በሩ ላይ ያበጠው የአደጋ ጊዜ ማንሸራተቻ መያዣ እግሩ ፊት ገባ ይልበታል። አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍም ቦርሳዎን ወለል ላይ ማስቀመጥ አይችሉም።

ሁለተኛው አማራጭ በየክፍሉ መጀመሪያ፣ ከግድግዳው ፊት ለፊት ያለው ረድፍ ነው። ማንም ወንበሩን ወደ ኋላ ለቆ አይመጣብዎትም፤ ጉልበትም አይነካም። ግን ግድግዳ ግድግዳ ነው፤ እግርዎን ከፊት ወንበር ሥር አሾልከው መዘርጋት አይችሉም። የሕፃን አልጋ የሚንጠለጠለውም እዚያው ስለሆነ አየር መንገዱ መጀመሪያ የሚሰጠው ሕፃን ለያዙ ወላጆች ነው። ሕፃን ይዘው የሚጓዙ ከሆነ ቲኬቱን በቆረጡበት ዕለት ይጠይቁ፤ አልጋው የክብደት ገደብ ስላለው የልጁን ክብደትም ይናገሩ።

እግሩ በጄሶ የታሰረ ወይም የማይታጠፍ ሰው የተለየ መብት አለው። ከአሜሪካ በሚነሳ ወይም አሜሪካ በሚገባ በረራ ላይ፣ አየር መንገዱ የየትም አገር ይሁን፣ ለእንዲህ ዓይነት መንገደኛ በገዛው ክፍል ውስጥ የግድግዳውን ረድፍ ወይም ሌላ እግር የሚያዘረጋ ወንበር እንዲሰጠው የአሜሪካ ደንብ ያስገድዳል። በር ላይ ደርሶ ከመከራከር አስቀድሞ ደውሎ ማሳወቅ ይሻላል።

ጎን ለሚጠበው

ከአውሮፕላን ምርጫ ቀጥሎ የወንበሮቹን ካርታ መመልከት ነው። የቦይንግ 777 አካል ወደ ጭራው እየጠበበ ስለሚሄድ፣ በረድፍ 10 ወንበር በሚይዙት ላይ መጨረሻ ያሉት ጥቂት ረድፎች ዳር ዳር ከሦስት ይልቅ ሁለት ሁለት ወንበር ብቻ ይኖራቸዋል። ለባልና ሚስት ወይም ለእናትና ልጅ እነዚህ ወንበሮች የተሻሉ ናቸው፤ መሃል የሚገባ ሦስተኛ ሰው የለም፤ በወንበሩና በመስኮቱ መካከልም ትንሽ ክፍተት ይገኛል። ጉድለታቸው ለመጸዳጃ ቤት መቅረባቸውና ምግብ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሚደርሳቸው መሆኑ ነው። እንደ ኤሮሎፓ ያሉ ድረ ገጾች የየአውሮፕላኑን ካርታ በትክክለኛው ልክ ስለሚያሳዩ፣ መስኮት የሌለውን «የመስኮት ወንበር» ጭምር ለይተው ያውቁበታል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። መተላለፊያ ዳር ያለው ክንድ ማሳረፊያ የማይነሳ ይመስላል፤ በብዙ ወንበሮች ላይ ግን ከሥሩ፣ መደገፊያው ጋር የሚጋጠምበት ቦታ አጠገብ ትንሽ መቆለፊያ አለችው። በጣት ተጫን ሲያደርጓት ክንዱ ይነሳል። ዳሌ ይተነፍሳል፤ ጉልበት የሚያመው አዛውንትም ወደ ጎን ዞሮ በቀላሉ ይነሳል። ሲነሱና ሲያርፉ፣ የምግብ ጋሪ ሲያልፍም ወደ ቦታው ይመልሱት።

በአንድ ወንበር በፍጹም የማይበቃው ሰው ሁለት ወንበር መግዛት ይችላል። ይህ በኢንተርኔት ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ ቲኬት ቢሮ ሄዶ ወይም ደውሎ ሁለቱ ወንበሮች በአንድ ሰው ስም ጎን ለጎን እንዲያዙ ማድረግ ያስፈልጋል። በጉዞው ቀንም የሁለቱን ቦርዲንግ ፓስ ተቀብለው አውሮፕላን በር ላይ ለሠራተኞቹ ያሳዩ፤ አለዚያ ባዶው ወንበር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። በካናዳ፣ በአገር ውስጥ በረራ፣ በአካል ጉዳት ወይም በከባድ ውፍረት ምክንያት ተጨማሪ ወንበር የሚያስፈልገውን ሰው ለሁለተኛው ወንበር እንዳያስከፍሉ ትልልቆቹ አየር መንገዶች በ2008 ተወስኖባቸዋል። በዓለም አቀፍ በረራ ግን ይህ አይሠራም።

ባዶ ወንበር አጠገቡ ለሚፈልግ

ሦስት ሦስት በተደረደረ አውሮፕላን ብቻዎን ከተጓዙ የመሃለኛውን ክፍል የመተላለፊያ ዳር ወንበር ይያዙ። በመስኮቱ በኩል ያለውን የመተላለፊያ ዳር ከያዙ ከውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች በእርስዎ ላይ ተሻግረው ነው የሚወጡት። በመሃለኛው ክፍል ግን ቢበዛ አንድ ሰው ነው፤ እሱም በሌላው በኩል ሊወጣ ይችላል። ከዚህም በላይ የመሃለኛውን ክፍል መሃል ወንበር ወዶ የሚመርጠው ሰው ስለሌለ፣ በረራው ካልሞላ ባዶ የመቅረት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ሁለት ሆነው የሚጓዙ ደግሞ ሁለቱን ዳርና ዳር ይዘው መሃሉን ክፍት ይተዉ። ሰው ከመጣ «ዳሩን እንስጥህ» ሲሉት እምቢ የሚል አይገኝም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በረራው ሳይሞላ ሲቀር ነው። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ክረምትና በገና ሰሞን ከአሜሪካና ከአውሮፓ ወደ አገር ቤት የሚጓዘው ብዙ ስለሆነ ባዶ ወንበር መጠበቅ ሞኝነት ነው። ከበዓል ውጭ፣ በሳምንቱ መሃል የሚደረግ በረራ የተሻለ ዕድል አለው።

ዕድልን በገንዘብ መግዛትም ይቻላል። ኢትሃድ መንገደኛው አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ እንዲቀርለት ዋጋ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ሉፍታንዛ ደግሞ 2021 ላይ በጣም ረጅም በሆኑ በረራዎች ሙሉ ረድፍ ከስስ ፍራሽና ከትራስ ጋር መሸጥ ጀመረ። ኤር ኒውዚላንድ የሦስት ወንበሮችን ረድፍ እግር ማሳረፊያ ከፍ አድርጎ እንደ አልጋ የሚያገለግል ቦታ ይሸጣል። ዋጋቸው ከፍ ሲል ከፕሪሚየም ኢኮኖሚ ጋር ያወዳድሩ፤ እዚያ ፒቹ ወደ 38 ኢንች ስለሚደርስና ወንበሩም ሰፋ ስለሚል፣ ጉልበትም ጎንም ለሚቸግረው ሰው ሊያዋጣ ይችላል።

ሳይከፍሉ መሞከር ከፈለጉ የሚጠቅመው ሰዓት ማወቅ ነው። የኢንተርኔት ቼክኢን በብዙ አየር መንገዶች ከበረራው 24 ሰዓት በፊት፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ ቀደም ብሎ ይከፈታል። በዚያን ጊዜ ካርታውን እንደገና ይክፈቱ፤ ተይዘው የቆዩ ወንበሮች ሲለቀቁ ያያሉ። ቀጥሎ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ «አጠገቡ ክፍት የሆነ ወንበር አለ?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። በመጨረሻ፣ በሮቹ ከተዘጉ በኋላ ባዶ ረድፍ ካዩ ሆስተሷን አስፈቅደው ይዛወሩ። ተጨማሪ የሚከፈልበት ረድፍ ባዶ ቢሆንም ከዚህ አይቆጠርም።

ከገቡ በኋላ

የእግር ቦታን በብዛት የምናባክነው ራሳችን ነን። በርበሬና ሽሮ የታጨቀበት የእጅ ሻንጣ ከፊት ወንበር ሥር ከገባ 32 ኢንችም አያድንም። ከባዱን ወደ አውሮፕላኑ የዕቃ ክፍል አስገብተው፣ የተረፈውን ላይ ሰቅለው፣ መድኃኒት፣ ስልክና ሹራብ ብቻ የያዘች ትንሽ ቦርሳ አጠገብዎ ያስቀሩ። ላይ የሚሰቅሉበት ቦታ እንዳይሞላብዎት ቶሎ ይግቡ።

የፊት ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ሲለቅብዎት ጠብ አይፍጠሩ። ነሐሴ 2014 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ከኒውዋርክ ወደ ዴንቨር ይበር የነበረ የዩናይትድ አውሮፕላን፣ አንድ መንገደኛ ወንበር እንዳይለቀቅ የሚያግድ መሣሪያ በማጥመዱ በተነሳ ጠብ የተነሳ ቺካጎ ለማረፍ ተገዷል። ምግብ ሲቀርብ «እባክዎ ትንሽ መለስ ያድርጉልኝ» ማለት ይበቃል።

ወንበሩ ሰፋም ጠበበም መንቀሳቀስ አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ለጤነኛ ሰው አደጋው ከ6,000 አንድ ገደማ በመሆኑ አያስፈራም፤ ነገር ግን እየተነሱ መራመድና ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ ለሁሉም ይጠቅማል። ደም ረግቶበት የሚያውቅ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወይም እርጉዝ የሆነች ሴት ከጉዞ በፊት ሐኪም ያማክሩ።

የከፈሉበት ወንበር ላይ እስኪቀመጡ ድረስ ግን ነገሩ አላለቀም። አየር መንገድ በመጨረሻው ሰዓት አውሮፕላን ሲቀይር ካርታው ይለወጣል፤ የመውጫ በር ረድፍ ብለው የገዙት ቁጥር ተራ ወንበር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለወንበሩ የከፈሉበትን ደረሰኝ ከቲኬቱ ለይተው ይያዙ፤ በጉዞው ዋዜማ ቁጥሩን እንደገና ያረጋግጡ። ወንበሩ ተቀይሮ ካገኙት፣ ተመጣጣኝ ቦታ ወይም የወንበሩን ገንዘብ እንዲመልሱልዎት ገና ቼክኢን ላይ እያሉ ይጠይቁ።